በጭነት መኪና ጎን ላይ የሚሸጠው ቦታ፦ እዚህና አገር ቤት

እዚህ አሜሪካ ከባድ መኪና ገዝተው ለራሳቸው የሚሠሩ ወገኖቻችን በርካታ ናቸው። «የመኪናውን ጎን ለማስታወቂያ ብናከራየውስ?» የሚለው ጥያቄ በመካከላቸው ይነሳል፤ አገር ቤት አይሱዙ ወይም ተሳቢ ላላቸው ዘመዶችም ሐሳቡ ይላካል። ሥራው ሊያዋጣ ይችላል። የአንዱን አገር አሠራር እንዳለ ወደ ሌላው መውሰድ ግን ገንዘብ ያስበላል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመኪናው አካል ነው። እዚህ በብዛት የሚሠራበት ተሳቢ 53 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዝግ ሣጥን ሲሆን አንዱ ጎኑ ብቻ ከ40 ካሬ ሜትር በላይ ለጥ ያለ ቦታ ይሰጣል። ማስታወቂያው የታተመበት ስቲከር ከመለጠፉ በፊት ጎኑ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ቀጥሎ በአልኮል ይወለወላል። ቅባት ወይም ሰም የቀረበት ቦታ ላይ ስቲከሩ አይዝም። ካስት የሚባለው ስስ የቪኒል (የፕላስቲክ) ስቲከር በሙቀት ስለሚለሰልስ ሪቬቶቹን፣ ማለትም የሣጥኑን ብረት የሚያያይዙትን ጉብ ጉብ ያሉ ምስማሮች፣ አቅፎ ይቀመጣል። ካለንደርድ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ግን ሲውል ሲያድር እየተኮማተረ ከሪቬቱ ዙሪያ ይነሳል፤ ሲላጥም እየተሰባበረ ሙጫውን ትቶ ይሄዳል። ሥራው ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ይኬዳል። የፊተኛው ቁራጭ ጫፍ በኋለኛው ላይ ስለሚደረብ ነፋስ አይገልጠውም። ቀይና ነጩ አንፀባራቂ ጥብጣብ፣ በጎታቹ ላይ ያለው የድርጅት ስምና የዶት (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር በምንም ዓይነት አይሸፈኑም።

ቦታው ሰፊ ሆነ ማለት ግን ዋጋ ያወጣል ማለት አይደለም። ዋዮሚንግ በረሃ ላይ ሌሊት የሚነዳ ተሳቢ የሚያየው ሌላ ሹፌር ነው። ከዚያ ይልቅ በከተማ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያደርስ 26 ጫማ መኪና ለማስታወቂያ ይሻላል። ተሳቢው በየጭነቱ የሚቀያየርበት ሥራ ላይ ያለ ሹፌር ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚሸጠው ጎን የለውም፤ ሣጥኑ የሌላ ነው።

ሕጉም ከከተማ ከተማ ይለያል። ሬይልዌይ ኤክስፕረስ ኤጀንሲ የተባለው ዕቃ አመላላሽ ኒው ዮርክ ውስጥ በነበሩት 1,900 ያህል መኪኖች ጎን ላይ ለሌሎች ድርጅቶች ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር። በከተማዋ ደንብ ተቀጣ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶም በ1949 እ.ኤ.አ. ተረታ። በሥራ ላይ ባለ መኪና የራስን ድርጅት ማስተዋወቅ ተፈቀደ፣ የሌላውን ማስታወቂያ ተሸክሞ መዞር ግን ተከለከለ። ስለዚህ መኪናው የሚገባባቸውን ከተሞች ደንብ ሳያነብ ውል የሚፈርም ሰው ቅጣቱን ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖችን የሚያጠምድ ማጭበርበርም አለ። «መኪናህ ላይ ስቲከር ለጥፈን በየሳምንቱ እንከፍልሃለን» ይሉና ቼክ ይልካሉ፤ ከገንዘቡ ከፊሉን ለለጣፊው እንድታስተላልፉ ይጠይቃሉ። ቼኩ ከቀናት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል፤ የላካችሁት ገንዘብ ግን አይመለስም። እውነተኛ አስተዋዋቂ ለለጣፊው ራሱ ይከፍላል።

አገር ቤት ስንመጣ፣ በጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠራው ብዙው ተሳቢ ስፖንዳ (የጭነቱ ቦታ የብረት ጎን) እና ሸራ ያለው ነው። ማስታወቂያው ሸራው ላይ ከታተመ ሌላ ችግር ይመጣል። ከውጭ የምናስገባው ከምንልከው ስለሚበልጥ ብዙ መኪና ወደ ጅቡቲ ባዶውን ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሸራው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ደንበኛው የከፈለበት ጽሑፍ የሚታየው በመልስ ጉዞ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሸራው በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ቀለሙ በእጥፋቱ ይሰነጠቃል፤ ከሸራው ላይ የታሰረ ባነርም ነፋስ ከሥሩ ከገባ ቀለበቶቹ ይበጠሳሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ስፖንዳው ላይ ቢሆን ይመረጣል። ስፖንዳው ዝገትና ወጣ ገባ ካለው ከስቲከር ይልቅ በደንብ የተቀባ የዘይት ቀለም የአፋርን ሙቀት ይችላል። ቦቴም ለጥ ያለ ቋሚ ገጽ አለው፤ የአደጋ ምልክቶቹን ግን መሸፈን አይገባም።

እኛ የምንመክረው ግን ሌላ ነው፦ ዝግ ሣጥን የተሠራላት፣ ከመርካቶ ወደ የክፍለ ከተማው ሱቅ የምታከፋፍል ትንሿ አይሱዙ። በመጨናነቅ ውስጥ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ስታራግፍ ትቆማለች፣ እግረኛውም ያነባታል። ፊደሉ ከ30 ሜትር በምቾት እንዲነበብ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የፊደላችን ቅጥያዎች ትንንሽ ስለሆኑ በቀጭን ቅርጽ ሲጻፉ ከሩቅ ካዕቡና ሣልሱ አይለዩም፤ ወፍራም ቅርጽ ይመረጥ። ከሰባት ቃል አይለፍ።

በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በተሽከርካሪ ላይ የሚጻፈውንና የሚለጠፈውን ከውጭ ማስታወቂያ ይቆጥረዋል። «መኪናው የራሴ ነው» ብሎ ያለ ፈቃድ መለጠፍ አያዋጣም። የትምባሆ ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በአልኮልም ላይ ጥብቅ ገደብ አለ።

ውሉን በተመለከተ በሁለቱም አገር የሚረሱት ነጥቦች አንድ ናቸው። ሲያልቅ የማስላጫውንና ቀለም የማደሻውን ወጪ ማን ይከፍላል? መኪናው ጋራዥ የገባባቸው ቀናት ከኪራዩ ይቀነሳሉ ወይስ ውሉ በዚያው ልክ ይራዘማል? ጎኑ ቢጋጭ አዲሱን ኅትመት ማን ይሸፍናል? እነዚህ በጽሑፍ ካልሰፈሩ ኪሳራው ባለንብረቱ ላይ ይወድቃል። በተለጠፈ ዕለትና ከዚያም በየወሩ ታርጋው የሚታይበት ፎቶ ተነስቶ ለደንበኛው ይላክ፤ ክፍያው ሲዘገይ በእጅ የሚኖረው ማስረጃ ይኸው ነው።