ሁለተኛውን ሲዝን «ዝለለው» ለምትሉ የቪንላንድ ሳጋ ተመልካቾች

ቪንላንድ ሳጋ የተባለውን የጃፓን ተከታታይ አኒሜሽን ያየ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደስ ብሎኝ ወሬ እጀምራለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ያችው ፍርድ ትመጣለች፦ «የመጀመሪያው ሲዝን ምርጥ ነው፤ ሁለተኛው እርሻ ብቻ ስለሆነ ዝለለው።» ይህን መስማት ከልብ አንገፍግፎኛል።

በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ሲዝን፣ ዴንማርኮች እንግሊዝን በሚወሩበት በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ የአባቱን ገዳይ አስኬላድን ለመበቀል ሲል ከዚያው ገዳይ ጭፍራ ጋር ያደገውንና ለአንድ የፍልሚያ ዕድል ብሎ ምንም ያልበደሉትን ሰዎች የሚገድለውን ቶርፊንን ያሳየናል። አስኬላድ በሌላ ሰው እጅ ሲሞት ልጁ የሚኖርለት ነገር ያጣል። ስልካችንን ያጥለቀለቁት አጫጭር ቪዲዮዎች ግን ሁለት ጩቤ ጨብጦ ሲሮጥ ያለውን ብቻ ቆርጠው፣ ሙዚቃ ጨምረውበት፣ ታሪኩ እንደ በሽታ ያሳየንን በቀል ጀግንነት አስመስለው ያቀርቡታል።

በ2023 የወጣው ሁለተኛው ሲዝን የዚያ ሁሉ ደም ሒሳብ የሚወራረድበት ነው። ቶርፊን በዴንማርክ በኬቲል እርሻ ባሪያ ሆኖ፣ ራሱን በመሰሉ ወራሪዎች ቤተሰቡን ካጣው ከአይናር ጋር ጫካ ይመነጥራል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ ስንዴ ይዘራል። የሚያቃዠውን ሰው አይናር ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሰው ማየት፣ በሕልሙም ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ሟቾች ሲከቡት መመልከት፣ ከየትኛውም ውጊያ በላይ ያስጨንቃል። ደግሞስ ግፍ የለበትም ያለው ማን ነው? ደግ ጌታ ሲባል የነበረው ኬቲል እርጉዟን ባሪያውን አርንሄይድን ደብድቦ ለሞት ሲያበቃት ያየ ሰው እንዴት «ምንም አይፈጠርበትም» ይላል?

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የመጨረሻው ክፍል አካባቢ ያለው ነው። ቶርፊን እርሻውን ሊነጥቅ ጦር ይዞ የመጣውን ንጉሥ ካኑትን ለማነጋገር ብሎ አንድም ሳይመልስ 100 ቡጢ ይቀበላል፤ ለምን እንደማይመታ ሲጠየቅም ጠላት እንደሌለው ይናገራል። አባቱ ቶርስ በልጅነቱ የነገረው ይኸው ቃል ገብቶት እዚህ ለመድረስ ያ ሁሉ የእርሻ ዘመን አስፈልጎታል። እርሻውን ዘሎ እዚህ የደረሰ ተመልካች የሚያየው ፈሪ ሰው ነው፤ «ተበላሸ» የሚሉትም ይህን ነው።

ካልወደዳችሁት አልወደድነውም በሉ፣ መብታችሁ ነው፤ ገና ያላየውን ሰው ግን እባካችሁ ዝለለው አትበሉት።