ጭዱ የማን ነው?

አዳማ እየኖራችሁ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የእርሻ ይዞታ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መሬታችሁን ለሌላ ገበሬ የእኩል መስጠታችሁ አያስነቅፋችሁም። በሬ የሌለው፣ ጉልበት የከዳው ወይም ለሥራ ከተማ የገባ ሰው መሬቱን ጦም ከሚያሳድር ለሚያርስ ቢሰጥ ለሁለቱም ቤት እንጀራ ነው። የሚያስነቅፋችሁ አሰጣጣችሁ ነው።

«እኩል እንካፈላለን» ብላችሁ ቡና እየጠጣችሁ ትለያያላችሁ። ማዳበሪያውንና ዘሩን ገበሬው ብቻውን ገዝቶ፣ ደጋግሞ አርሶና አርሞ፣ አጭዶና ወቅቶ ሲጨርስ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ብቅ ብላችሁ ግማሹን የምታስጭኑ ከሆነ፣ ስሙ እኩል ይባል እንጂ ነገሩ እኩል አይደለም። የማዳበሪያና የዘር ወጪ ከክምሩ ላይ አስቀድሞ ይነሣ፤ አለዚያ ድርሻችሁ ወደ ሲሶ ይውረድ። በስምጥ ሸለቆው ዝናብ እየታመነ ሐምሌ የተዘራ ጤፍ መስከረም ላይ ሰማዩ ቢጨክንበት ኪሳራው የማን እንደሚሆንም ከዘር በፊት ተነጋገሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ገበሬው ሁለት ዓመት ቦረቦሩን ደፍኖ፣ እርከን ሠርቶና ፍግ አልብሶ መሬቱን ካቀናው በኋላ ሦስተኛው ዓመት ላይ ብልጫ ለጨመረ ሰው ትነጥቁታላችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጭሰኝነት በቀረበት አገር፣ ያውም ብዙዎቻችን ይዞታውን ያገኘነው በዚያው አዋጅ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ማድረጋችን ያሳፍራል።

«ውል ከጻፍሁ መሬቴን ይወስድብኛል» የሚል ፍርሃት እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘመኑን፣ ስፋቱንና ድርሻውን የሚናገር ወረቀት አራሹ ባለይዞታ አለመሆኑን የሚመሰክርላችሁ እርሱ ነው። የገጠር መሬት ኪራይ የባለመብቶቹን ሁሉ ስምምነት እንዲያገኝና በሚመለከተው አካል ጸድቆ እንዲመዘገብ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ባል ያለ ሚስቱ፣ ወንድም ያለ እኅቱ የሚዋዋለው ውል ጠብ እንጂ ውል አይደለም። ገበሬውም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም፤ በሌሊት ከአውድማ ስለሚወጣ ኩንታል ያልሰማ የለም።

ይህን የምጽፈው ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። የእናቴን አራት ቀርጥ መሬት፣ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው፣ ለአንድ ጎረቤቷ የእኩል ሰጥቼ ነበር። እህሉን በጣሳ እየሰፈርን ያለ ቅሬታ ተካፈልን። ከዚያ ግን ክምር ጭዱን በሙሉ በአይሱዙ አስጭኜ ለከብት አድላቢ ሸጥሁት። ሰውየው ባዶው አውድማ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ በሬዎቼ በጋውን ምን ሊበሉ ነው?» አለኝ። «ስለ ጭድ የተዋዋልነው ነገር የለም» አልሁት፤ ስለ ሌላውም ቢሆን የተዋዋልነው አልነበረም። በማግስቱ ዓመት በሬዎቹን ይዞ የሌላ ሰው ማሳ ገባ። የእናቴ አራት ቀርጥ ያን ክረምት ጦሙን አደረ።