«ስንት ኢንች ይነሳልህ?» የምትሉን ሰዎች

አሁንስ በዛ! የፒክአፕህን የፊት ሞላ ልታሻሽል ስትሄድ የሚጠብቅህ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ የመኪናው ፊት ምን ያህል ከፍ ይበል የሚል፤ «ስንት ኢንች ይነሳልህ?» ፊቱ ላይ ምን ተገጥሟል፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ክብደቱ ሁልጊዜ ያለ ነው ወይስ አልፎ አልፎ የሚጫን፣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ኧረ በፈጣሪ! የሞላ ሥራ ክብደት መሸከም ነው። ቁመቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የኔ መኪና ፊቱ ላይ የብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ) እና ዊንች (የተያዘ መኪና በገመድ የሚጎትት ማሽን) አለው። ሁለቱ አንድ ላይ 100 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ከፋብሪካ የመጣው ሞላ ደግሞ ይህን ሁሉ ብረት አስቦ አልተሠራም። ስለዚህ አፍንጫው ተደፋ፣ ፍሬን ስይዝ ወደፊት ይሰግዳል፣ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ብራቾው (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ማቆሚያ ላስቲኩ ላይ እየተላተመ ድው ይላል። እስከዚህ ድረስ ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ክብደት ጨመርኩ፣ ሞላ መቀየር አለበት። ብሶቴ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው።

ሻጩን የሞላው ጥንካሬ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሄቪ ዲዩቲ ነው» አለኝ። ቁጥሩን ማለቴ ነው ስለው «ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው ይሄንን ነው የሚያስገባው» አለኝ። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። የመኪናው ስም አለ፣ «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበት ዕቃ፣ የመኪናው ፊት በሙሉ የሚያርፍበት ዕቃ፣ አንዲት ቁጥር የለውም!

ቁጥሩ እኮ አለ። የሞላ ጥንካሬ በኒውተን በሚሊሜትር ይለካል፤ አንዳንድ አምራቾች በፓውንድ በኢንች ይጽፉታል፣ 1 ኒውተን በሚሊሜትር ማለት ወደ 5.7 ፓውንድ በኢንች ነው። 100 ኒውተን በሚሊሜትር የሆነ ሞላ 1 ሚሊሜትር እንዲታመቅ 10 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። «በዓይን አይቼ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት፤ የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር የሚያድገው በአራተኛ ደረጃ ነው፤ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሽቦው ከ15 ሚሊሜትር ወደ 16 ሚሊሜትር ቢወፍር ጥንካሬው 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀለም ከተቀባ በኋላ አንዲት ሚሊሜትር በየትኛው ዓይን ነው የምትታየው? በዚያ ላይ የጥቅልሉ ስፋትና የዙሩ ብዛትም አለ። ሰፋ ያለ ወይም ዙሩ የበዛ ሞላ ይለሰልሳል። ሁለት ሞላ ጎን ለጎን አቁሞ ረጅሙን «ጠንካራው ይሄ ነው» ማለት ሰውን ማሳሳት ነው።

አሁን ደግሞ ክብደቱን አብረን እናስላው፤ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ፓራውልቱና ዊንቹ ያሉት ከፊት አክሰሉ (ከሁለቱ የፊት ጎማዎች መስመር) ቀድመው ነው። በፊትና በኋላ አክሰል መካከል 3 ሜትር ያለው መኪና ላይ፣ 60 ሴንቲሜትር ቀድሞ የተሰቀለ 100 ኪሎ ከፊት አክሰሉ ላይ የሚያሳርፈው 100 ሳይሆን 120 ኪሎ ነው። ትርፉ 20 ኪሎ ከኋላ አክሰሉ ተነስቶ የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ የፊት ጎማ 60 ኪሎ ደረሰ ማለት ነው።

ሞላው ደግሞ ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን የታችኛው ብራቾ ወገብ ላይ ነው። ጎማው 10 ሴንቲሜትር ሲነሳ ሞላው 6 ሴንቲሜትር ብቻ ታመቀ እንበል። ያ 0.6 ጥምርታ ሁለት ጊዜ ይባዛል፣ ምክንያቱም ጉዞውንም ኃይሉንም ይቀንሳል። ስለዚህ 100 ኒውተን በሚሊሜትር የተባለው ሞላ ጎማው ዘንድ ሲደርስ 36 ብቻ ነው። በዚህ ሞላ ላይ ያ 60 ኪሎ ፊቱን 16 ሚሊሜትር ገደማ ያወርደዋል። ይኸው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ በቂ ነው! ፊቱን ሚዛን ላይ አቁሞ፣ ብራቾውን በሜትር ለክቶ፣ የሚሆነውን ሞላ መምረጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ያ አንድ ሰዓት ተነፍጎኝ ነው መኪናዬ ዛሬ እንደ በርሜል የሚንቀጠቀጠው። የገቡት ሞላዎች ከነበረው ክብደት በላይ ለሆነ ጭነት የተሠሩ ናቸው። ጠጠር መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን ይዞ አይሄድም፣ ይዘላል።

ወደገጠሙልኝ ሰዎች ተመልሼ ስናገር መልሱ ምን ነበር? «ቀለበቱን እናላላልህ፣ ይለሰልሳል።» ኧረ አይለሰልስም! የሞላው መቀመጫ ቀለበት ቁመትን ነው የሚቀይረው። የዙሮቹ ርቀት እኩል የሆነ ሞላ ጥንካሬው 100 ከሆነ ቀለበቱ ላላ ጠበቀ 100 ነው። ቀለበቱን ባጠበቅክ ቁጥር መኪናው ከፍ ይላል፣ ጎማው ወደታች የሚወርድበት ቦታ ግን ያንኑ ያህል ያጥራል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ወርዶ መሬት መንካት ያቅተውና የሞላውን መናጥ የሚያረጋጋው ሾክ አብዞርበር ጫፉ ላይ ደርሶ ቋ ይላል። ከሾኩ አናት ላይ የሚገባው ብረት ስፔሰርም ያው ነው፣ ሞላውን ቅንጣት አያጠነክረውም። ባልኩት 0.6 ጥምርታ 25 ሚሊሜትር ስፔሰር ጎማው ላይ 40 ሚሊሜትር አልፎ ይሆናልና ሲቪ ጆይንቱም (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) ቦል ጆይንቱም (ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያያይዘው) በማይወዱት ማዕዘን ይሠራሉ። ሲቪ ጆይንቱን የሚሸፍነው ላስቲክ ቀድሞ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይፈሳል፣ አቧራ ይገባል።

ሾኩንም አሮጌውን ትተው ሞላውን ብቻ የሚቀይሩ አሉ። ጠንካራ ሞላ ሲታመቅ ብዙ ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲመለስ የሚይዘው ሾኩ ነው። ለለስላሳ ሞላ የተሠራ ሾክ ያንን መያዝ አይችልም፣ መኪናው አንድ ጉብታ አልፎ ሁለት ሦስቴ ይናጣል። ሁለቱ ተመጣጥነው ነው መገዛት ያለባቸው።

ከሁሉ በላይ ልቤን ያነደደው ግን የጎሚኒው ነገር ነው። ጎሚኒ ማለት ብራቾው ከሻሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ያለው ላስቲክ ነው፤ ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። ስለዚህ የብራቾው ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀራል። ቆሞም ይጠመዘዛል፣ ሲሄድም ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይቀደዳል። መካኒኩ አየር ላይ ሲያጠብቅ አይቼ «ቀድሞ ይውረድ» አልኩት። «ልዩነት የለውም» ብሎ ጨረሰው። ልዩነት አለው! ጥቂት ወራት ቆይቶ ጎሚኒው ሲጮህ «ዕቃው ፌክ ነበር» እንደሚባል አውቃለሁ፣ የሚከፍለውም ባለመኪናው ነው።

ሞላውን በማመቂያ ሳይዙ፣ ሞላውን አምቆ የያዘውን የሾኩን የአናት ዳዶ ለመፍታት የሚሞክሩ ደግሞ አሉ። እባካችሁ! 100 ኒውተን በሚሊሜትር የሆነ ሞላ 8 ሴንቲሜትር ታምቆ ሲቀመጥ 800 ኪሎ ገደማ ኃይል ይዟል። ዳዶው ሲለቅ ፊትህ እዚያ ጋ ከሆነ ምን እንደሚሆን ልናገር አልፈልግም። ትክክለኛው የሞላ ማመቂያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ አይቀበል።

አላይመንቱን (የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከሉን) እንኳ እኔ ነኝ ያስታወስኳቸው። ፊቱ ሲነሳ የጎማው ማዕዘን ሁሉ ይቀየራል፣ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ መመለሱን ይቀንሳል፣ መብራቱም ሽቅብ ያያል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አምራቾች፣ ካርቶኑ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ጥንካሬውን፣ ሳይታመቅ ያለውን ርዝመት፣ ለስንት ኪሎ ተጨማሪ ክብደት እንደተሠራ። ሻጮች፣ ቁጥሩን የማታውቁትን ሞላ አትሽጡ። የፒክአፕ ባለቤቶች ደግሞ፣ የፊት አክሰላችሁን ሚዛን ላይ ያወጣችሁ ካላችሁ ኪሎውን፣ የተገጠመላችሁን ዕቃና የሞላችሁን ቁጥር ከታች ጻፉልኝ። እኔም የራሴን ሞላ አስወጥቼ ለክቼ እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ቢያንስ ይህን ይዞ ይሂድ።