ይድረስ ለእሜቴ ሣር፣ ላስ ቬጋስ፣ ቤቴ ፊት ለፊት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ጥማትና ከውሃው ቢል በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቱን ስገዛ እርስዎን አይቼ ነው ዘልዬ የፈረምኩት፣ «አንተ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታየው» የተባለው ለካ ለኔ ነው፣ ገደሉ በየወሩ በፖስታ ይመጣል።

እኛ እኮ አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ጀሪካን የምንደረድር ሰዎች ነን። አሜሪካ ገባሁ ከፈረቃ ተገላገልኩ ስል ይኸው የእርስዎን ፈረቃ እጠብቃለሁ፣ በብርዱ ወራት በሳምንት 1 ቀን፣ በመሀል 3 ቀን፣ በጋ ላይ ከእሁድ በቀር፣ እሱም ከሜይ እስከ ኦገስት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በስፕሪንክለር ውሃ መርጨት ክልክል። ዝናብ እንዳልጠብቅ ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው 10 ሴንቲ ገደማ ነው፣ እሱ እኛ አገር የአንድ ሳምንት የሐምሌ ቁጣ ነው።

ልጄን ሻወር አታርዝም እያልኩ ስጮህ ከርሜ፣ ለካ ቤት ውስጥ የፈሰሰው ውሃ ተጣርቶ ተመልሶ ውሃ የምንቀዳበት የኮሎራዶ ወንዝ ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ ይገባል። ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የማይመለሰው የእርስዎ ነው። በስኩዌር ፉት በዓመት 73 ጋሎን ይላሉ፣ በኛ ሂሳብ 14 ጀሪካን ገደማ፣ አንድ እግሬን በማሳርፍባት ቦታ! ሐይቁ በ2022 ወርዶ ወርዶ የሰመጠ ጀልባ ሁሉ ብቅ ሲል እርስዎ ምንም አልመሰለዎትም። ላም አይግጥዎት፣ ጎጆ አይከደንብዎት፣ ለቡና እንኳን አይጎዘጎዙ።

ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው፣ አልክድም። 20 ደቂቃ በአንዴ ስለቅብዎት መሬቱ ድንጋይ ነው አይመጥም፣ ግማሹ አስፋልት ሲያጥብ ነበር። ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ ናቸው የመከሩኝ፣ 4 ደቂቃ አጠጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ተወው ይስረግ፣ ድገመው፣ ሠልስ፣ ፀሐይ ሳትወጣ። ታይመሩን እንደዛ አደረግኩት፣ ማጨጃውንም ከፍ አድርጌ 3 ኢንች ላይ አሰርኩት፣ እስከዛሬ እንደ ምልምል ወታደር እየላጨሁዎት ሥርዎ ጥላ አጥቶ ነበር ለካ። ሐቁን ለመናገር ቀለምዎ ተመልሷል። ቢልም ቀንሷል።

ግን አይኩራሩ። ግዛታችን ኔቫዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ ማንም የማይረግጠው የመንገድ ዳርና የቢሮ ሣር ከ2027 ጀምሮ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ አይቀምስም፣ እርስዎ የግለሰብ ቤት ሆነው ነው ያመለጡት። ደግሞ እርስዎን ነቅሎ የበረሃ ተክል ለሚተክል በስኩዌር ፉት ይከፈለዋል፣ እንደ ሽፍታ ራስዎ ላይ ዋጋ ተቆርጧል ማለት ነው። ፎርሙን ሞልቼ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ በመስኮት ይታይዎታል።

በሉ ደህና ይደሩ፣ ነገ እሁድ ነው፣ ፈረቃዎ አይደለም።

ውሃ ቀጂዎ