ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት ሪፖርት አንብቡ

ፋይናንስ ውስጥ መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «የትኛውን ኮርስ ልግዛ?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ጊዜው ገና ነው። ኢንተርኔት ላይ ኮርስ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። ሰርተፍኬት አለኝ ይላል፣ ቅናሽ ያደርጋል፣ «በዚህ ሳምንት ብቻ» እያለ ያጣድፋል። በዚህ ግርግር መሃል ዋናው ነገር ሲረሳ ያሳዝነኛል። ለዚህ ሙያ የሚያዘጋጁ ምርጥ ነገሮች ማንም ከፍቶ እንዲያያቸው በነጻ ተቀምጠዋል። ከሁሉ የሚበልጡት ደግሞ የኩባንያ ሪፖርቶች ናቸው፤ ለተማሪ ተብለው የተጻፉ እንኳን አይደሉም።

መጀመሪያ ግን ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብድር የጠየቀ ድርጅት ዕዳውን መክፈል ይችል እንደሆነ ሲመረምር የሚውል ሰው አለ። የአንድ ፋብሪካን በጀት የሚያወጣና የሚከታተል አለ። የኢንሹራንስ ስጋት የሚያሰላ አለ። ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ እስከ እኩለ ሌሊት ሰነድ የሚያዘጋጅ አለ። የጡረታ ፈንድ ገንዘብ የሚያስተዳድር አለ። ሁሉም ፋይናንስ ነው ይባላል። የሚጠይቁት ጠባይ፣ የሥራ ሰዓታቸውና የሚያስፈልገው ትምህርት ግን በጣም ይለያያል።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በድረ ገጹ ላይ የሙያዎች መመሪያ ያወጣል። እያንዳንዱ ሙያ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ትምህርት እንደሚጠይቅ፣ ስንት እንደሚከፈልበት በቀላል ቋንቋ ተጽፏል። የደመወዙ ቁጥር ለአሜሪካ ነው፤ ሌላ አገር ላለ ሰው አይጠቅምም። የሥራው መግለጫ ግን የትም ላለ ሰው ይጠቅማል። ኦኔት የሚባለው የዚያው አገር መረጃ ቋት ደግሞ አንዱን ሙያ ወደ ዕለት ተዕለት ተግባራት ይዘረዝረዋል። «የፋይናንስ ተንታኝ» የሚለው ማዕረግ ያማረው ሰው የተግባሮቹን ዝርዝር አይቶ ልቡ ካልሞቀ፣ ይህን በነጻ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ። ለማመልከት አይደለም፤ ለማጥናት። የምትፈልጉትን ዓይነት ሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡና እየተደጋገመ የሚመጣውን ለዩ። ኤክሴል በሁሉም ላይ አለ? ሲኤፍኤ የሚባለው የፋይናንስ ተንታኞች ሰርተፍኬት «ያለው ይመረጣል» ነው ወይስ «ግዴታ»? ኤስኪውኤል ወይም ፓይተን የሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች ይጠየቃሉ? ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ሠራተኛ የሚፈልግ እንጂ ኮርስ የሚሸጥ አይደለም። ስለዚህ ከብዙ ምክር ሰጪዎች በላይ እሱን አምናለሁ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ ችግሩ የምርጫ ብዛት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አስዋት ዳሞዳራንን አስቀድማለሁ። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ፕሮፌሰር ናቸው። የኩባንያ ፋይናንስና የዋጋ ትመና ኮርሶቻቸውን ከነቪዲዮው፣ ከነፈተናውና ከነመልሱ በድረ ገጻቸው ላይ ለቀዋል። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኢንዱስትሪዎችን የሚያነጻጽሩበትን መረጃ አድሰው በነጻ ያወጣሉ። ኮርስ ሻጮቹ በውድ ዋጋ ከሚያቀርቡት ውስጥ ብዙው እዚያ አለ።

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በነጻ የሚለቅበት ኦፕን ኮርስዌርም አይታለፍ። የፕሮፌሰር አንድሩ ሎ የፋይናንስ ቲዎሪ ኮርስ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2008 መጸው ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ የከሰረው በዚያው ዓመት መስከረም 15 ቀን ነበር። መምህሩ ስለ ስጋት ሲያስተምሩ ውጭ ገበያው እየፈረሰ ነበር። ይህ በየትኛውም የተቀነባበረ ቪዲዮ አይገኝም። የየል ዩኒቨርሲቲውን ሮበርት ሺለርንም እዚሁ ላይ ጨምሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ኖቤል የተሸለሙት ናቸው፤ ኮርሳቸውም በነጻ ይታያል። ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ካን አካዳሚ የሚባለው ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ይበቃል።

ትምህርት ግን መንደርደሪያ ነው። ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ።

የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኤድጋር የሚባል የመረጃ ቋት አለው። አክሲዮናቸው በዚያ አገር ገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ዓመታዊና የሩብ ዓመት ሪፖርታቸውን እዚያ ያስገባሉ። ማንም ከየትም ሆኖ ያለ ክፍያ ያነበዋል። ዓመታዊው 10-ኬ ይባላል። በእንግሊዝ ካምፓኒስ ሃውስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሌላ ቦታ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎችም ሪፖርታቸውን በራሳቸው ድረ ገጽ፣ ለባለሀብቶች በተዘጋጀው ክፍል ያስቀምጣሉ።

እነዚህ ሰነዶች ምን ያህል እንደሚናገሩ ለማየት ኤንሮን የተባለውን የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ማስታወስ ይበቃል። ጂም ቻኖስ የሚባል የአሜሪካ ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የኩባንያውን ሪፖርቶች ማንበብ ጀመረ። ያን ጊዜ ኤንሮን ሁሉም የሚያወድሰው ድርጅት ነበር። ቻኖስ ግን ኩባንያው ላፈሰሰው ካፒታል የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ መሆኑን አየ። አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ከሚመራቸው ሌሎች ተቋማት ጋር የተደረጉ ግብይቶችም በሪፖርቶቹ የግርጌ ማብራሪያዎች ውስጥ ተጠቅሰው አገኘ። በኋላ ለአሜሪካ ምክር ቤት ሲመሰክር፣ እሱና ባልደረቦቹ ማብራሪያዎቹን ደጋግመው ቢያነቡም ሊፈቷቸው እንዳልቻሉ ተናግሯል። ይህ ራሱ ምልክት ነበር። ቤተኒ ማክሊን የተባለች ጋዜጠኛም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 የአክሲዮኑ ዋጋ ተጋኖ እንደሆነ በፎርቹን መጽሔት ጠየቀች። በታኅሣሥ 2001 ኤንሮን ከሰረ። ሁለቱም መነሻ ያደረጓቸው ሪፖርቶች ለማንም ክፍት ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ ምረጡ። የምታውቁት ዕቃ የሚሸጥ ቢሆን ይሻላል። የሦስት ዓመት ሪፖርቱን አውርዱ። የትርፍና ኪሳራውን፣ የሀብትና ዕዳውን፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ቁጥሮች በእጃችሁ ወደ ኤክሴል አስገቡ። አዎ፣ በእጅ። አሰልቺ ነው፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ እንድትጠይቁ ያስገድዳችኋል። ትርፉ እያደገ ከሥራው የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ለምን ቀነሰ? ዕዳው መቼ ይከፈላል? ኦዲተሩ ምን አለ? ከዚያ የተፎካካሪውን ሪፖርት አምጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስለ ወለድና ስለ ዋጋ ግሽበት ቁጥር ካስፈለጋችሁ የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ፍሬድ የሚባለውን ቋት ከፍቷል፤ የዓለም ባንክ መረጃም እንዲሁ ነጻ ነው።

ስለ ሰርተፍኬትም ልናገር። ሲኤፍኤን አልቃወምም፤ የተከበረ ነው። ግን ሦስት ደረጃ ፈተና አለው፤ ማዕረጉን ለማግኘት ቢያንስ 4,000 ሰዓት አግባብ ያለው የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ሰጪው ተቋም ራሱ ለአንድ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት ይመክራል። ከተፈታኞቹ ስንት በመቶው እንዳለፉም ይፋ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የመጀመሪያውን ደረጃ ያለፉት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። የትምህርቱ ይዘት ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አለ። ለመመዝገብ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡትና ከሰበሰባችኋቸው ማስታወቂያዎች ጋር አስተያዩት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልቃወም። በስልክ ምንዛሪ በመነገድ ሀብታም እናደርጋችኋለን የሚሉ ሰዎች ራሳቸውን የፋይናንስ አስተማሪ እያሉ ይጠራሉ። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲኤፍዲ በሚባለው፣ ምንዛሪን ወይም ሌላ ሀብት ሳይገዙ በዋጋው መውጣትና መውረድ ላይ በሚደረግ ግብይት ከተራ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስር አስታውቋል። ይህ የሥራ መስክ ዝግጅት አይደለም። የብዙ ልጆችን የመማሪያ ገንዘብ በልቷል፤ ያናድደኛል።

«ሰው የሌለው ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ ማን ያየዋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነት አለው። በትውውቅ የሚከፈት በር አለ፤ ኢንተርኔት አይተካውም። ቢሆንም ሲቪ ላይ «ትጉህና ለመማር ዝግጁ» ከሚለው ይልቅ፣ በራሳችሁ የጻፋችሁት የሦስት ገጽ የኩባንያ ትንተና ለማያውቃችሁ ቀጣሪ የሚላክ ነገር ነው። ኩባንያው ከምን እንደሚያተርፍ፣ ምን እንደሚያሰጋው፣ ዋጋው ውድ ነው ወይስ ርካሽ ብላችሁ እንደምታምኑ ጻፉ። ግምታችሁ ሊሳሳት ይችላል፤ የባለሙያዎቹም ይሳሳታል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ግን የትኛው ሪፖርት፣ ስንተኛው ገጽ እንደሆነ አስፍሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» መባሉ አይቀርም።