ዶክተር መሆን ሌላ፣ ዶክተር ማፍራት ሌላ

ወገኖቼ፣ ቃሌ ለእናንተ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ፍቼ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ሸዋ ሮቢት ላላችሁ። ልጃችሁን፣ እህታችሁን፣ ባልደረባችሁን ለፒ.ኤች.ዲ. ለሸኛችሁ ሁሉ። ከሁሉ በፊት ግን በአማካሪነት ስማችሁ ለተጻፈ መምህራን። ብትቀየሙኝም ልናገር፤ የዶክትሬት ተማሪ የሚያማክር መምህር ስለ ማማከር ራሱ ሊሰለጥን ይገባል።

አንድ መምህር ማዕረጉ እንደደረሰ የዶክትሬት ተማሪ ይደለደልለታል። የሚጠየቀው ዲግሪውና የኅትመቱ ብዛት ነው። እንዴት እንደሚማከር ቁጭ ብሎ ያሳየው የለም። ያወቀ እንደሆነ አወቀ፣ ካላወቀ በተማሪው ላይ ይለማመዳል። ዲግሪው ራሱ ማማከርን ያስተምራል ብለን ተቀብለናል። ታክሞ የዳነ ሁሉ ሐኪም አይሆንም!

ታዲያ ይህ መምህር ምን ያደርጋል? እሱ እንደተማከረው ያማክራል። አማካሪውን በዓመት ሁለቴ ብቻ ያገኝ ከነበረ፣ ሁለቴ መገናኘት ወግ ይመስለዋል። ድራፍቱ ላይ «አልገባኝም» ብቻ ተጽፎ ይመለስለት ከነበረ፣ እሱም «አልገባኝም» ብሎ ይመልሳል። ምኑ እንዳልገባው አይጽፍም። ብትጠይቁት «እኛ ስንማር ማን አባበለን?» ይላል። ይህቺን ነገር በየመምህራን ላውንጁ ሰምቻታለሁ። ደግሞ በኩራት ነው የምትነገረው። የደረሰበትን በደል እንደ ሙያ የሚያወርስ ሰው ምሁር ነኝ ሲል ሼም ነው።

የሚያናድደኝ ይህን የምናደርገው የቅኔ ቤትን የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። አባቶቻችን በየደብሩ የነበራቸውን ሥርዓት አስቡት። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። እሷን ሳይጨብጥ ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም፤ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ሲያወጣ ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ የተበላሸችውን ቦታ ለይቶ ያሳያል። ነገ ደግሞ እንደዚያው። መምህሩ ሰምቶ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ አራት ወር አይጠፋም።

በሳሉ ተማሪ ደግሞ በመምህሩ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ያስነግራል። ማስተማርን የሚለማመደው እዚያው፣ መምህሩ እያየው ነው። ወንበር ዘርግቶ ለብቻው የሚያስተምረው በመምህሩ ካስመሰከረ በኋላ ነው። ዱላም ነበረበት፣ ረሃብም ነበረበት፤ ሁሉም ይመለስ አላልኩም። ግን አንድ ነገር አይካድም። ቅኔ ማወቅና ቅኔ ማስተማር የተለያዩ መሆናቸውን የኔታ ያውቅ ነበር። እኛ ነን የረሳነው።

እርግጥ ነገሩ እንዲህ የተበላሸበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ነው። ያኔ ተማሪውም አማካሪውም ጥቂት ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች በዙ። በ1999 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ13ቱ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሰላሌም ተከተለ። ዛሬ አገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ግቢ በአዋጅ ይከፈታል። አማካሪ ግን በአዋጅ አይገኝም። ስለዚህ ያለው ሰው ላይ ተማሪ ተከመረ። ይህን እቀበላለሁ። ግን ምክንያት መኖሩ ጉዳቱን አያስቀረውም።

ጉዳቱን ደግሞ እዚሁ ከቀያችን ላሳያችሁ። የመንዝና የጣርማበር ደጋ በልግ ይዘራል። የበልግ ገብስ ላይ ጥናት የሚሠራ ተማሪ መጠይቁን በጥር ለአማካሪው ላከ እንበል። አማካሪው ሳያየው ሁለት ወር አስቀመጠው። በልጉ ጠብቆት ይቆማል? አይቆምም። ተማሪው መረጃውን ለመሰብሰብ አንድ ዓመት ይጠብቃል። አማካሪው ያባከነው ሁለት ወር ነው፤ ተማሪው የከሰረው ግን ዓመት ነው። የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት፣ የላከው መሥሪያ ቤት «ፈቃድህ አልቋል» ይለዋል። መንገድ የሚዘጋበትን፣ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ጊዜ ጨምሩበት። እሱ ደግሞ በስልክ ደጅ እየጠና ነው። ሲደውል አይነሳም። ሲነሳ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው።

ገበሬውንም አስቡት። የጓሳን የሣር ምድር የመንዝ ሰው በራሱ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆ አቆይቶታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም ያሉት በዚያ ነው። ተማሪ በየጊዜው መጠይቅ ይዞ ይመጣል። ገበሬው ሥራውን አቁሞ፣ አስቀምጦ፣ ቡና አፍልቶ ይመልሳል። ጥናቱ በአማካሪ ስንፍና መሳቢያ ውስጥ ከቀረ የዚያ ገበሬ ሰዓት የት ገባ? በሚቀጥለው ጊዜ በር ቢዘጋብን ይፈረድበታል?

ስለ ስም ማስገባትም ሳልናገር አላልፍም። ተማሪው ጽፎ፣ ተንትኖ፣ ጆርናል ፈልጎ ሲጨርስ አማካሪው ስሙን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል። አንዳንዱ የጓደኛውንም ይጨምራል። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በደራሲነት ለመጠራት አራት መስፈርት አውጥቷል። ገንዘብ ማስገኘት ወይም በጥቅሉ መከታተል ብቻውን ደራሲ አያሰኝም ይላል። ይህን የማያውቅ አማካሪ ካለ ሥልጠና ያስፈልገዋል። እያወቀ የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው።

ሴት ተማሪን ማታ ሆቴል እየቀጠራችሁ «ኮሜንት ልስጥሽ» የምትሉ፣ እናንተን በሥልጠና አልመክርም። ለእናንተ ሕግ አለ።

አሁን «ሥልጠና» ስል ምን ትዝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዳማ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ሻይ ቡና ተጠጥቶ፣ አበል ተፈርሞ፣ ሰርተፊኬት ተይዞ መመለስ። እሱን አይደለም። ለግብር ይውጣ ከሆነ ይቅር።

እኔ የምለው ሥልጠና የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። ከተማሪው ጋር በየስንት ጊዜ እንገናኛለን? ድራፍት በስንት ቀን ይመለሳል? ኅትመት ላይ የማን ስም የት ይገባል? ይህ ሁሉ በወረቀት ይሰፍራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ቀጥሎ የአስተያየት አሰጣጥ አለ። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ድራፍት ላይ ፊደል ማረም ጊዜ መግደል ነው፤ እሱ ገና ጥያቄው አልጠራለትም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪን ደግሞ «ርዕስህን ለምን አትቀይርም?» ማለት ግፍ ነው። ተማሪ ሲጠፋ ሰንፎ ነው ወይስ ተጨንቆ የሚለውን መለየትም ይማሩታል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የሚያሳየው ነገር ስላጣ አፍሮ ነው። ያን ጊዜ አማካሪው ነው መደወል ያለበት። ሰልጣኞች እውነተኛ ድራፍት ይዘው ይቀመጡ። እያንዳንዱ አስተያየቱን ይጻፍ፣ ከዚያ አስተያየቱ ራሱ ይታረም። ትልቁ ፕሮፌሰር የጻፈውም ይታረም። ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው እንደሆነ ይገባኛል።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሳልዝበርግ ላይ ስለ ዶክትሬት ትምህርት 10 መርሆች ሲያወጡ አንዱ ስለ ማማከር ነበር። በስዊድን ደንብ እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ ቢያንስ ሁለት አማካሪ ይመደብለታል። ተማሪው አማካሪ ይቀየርልኝ ካለ ይቀየርለታል። ምክንያቱን ይዞ ደጅ አይጠናም። ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ አፍሪካ ኑ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ በጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት (ዳድ) ድጋፍ ለአፍሪካ የዶክትሬት አማካሪዎች የኦንላይን ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ከቤት ሳይወጡ የሚማሩት ነው።

እኛስ ብንሆን ለክፍል ማስተማር ኤች.ዲ.ፒ. የሚባል የመምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና አለን አይደል? አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ፖርትፎሊዮውን እያማረርንም ቢሆን ጨርሰነዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ፊት ለመቆም ይህን ያህል ከተጠየቅን፣ የአንድን ሰው አራትና አምስት ዓመት በእጃችን ለመያዝ ምንም አለመጠየቃችን እንዴት ዓይነት ሂሳብ ነው?

«ደመወዙ አይበቃም» ትላላችሁ። እውነት ነው። የማማከር ክፍያው እዚህ ግባ አይባልም። መምህሩ ቅዳሜና እሁድ ኤክስቴንሽን ካልሮጠ የወሩን ኪራይ አይከፍልም። ለዚህ ድምፅ ማሰማት ተገቢ ነው፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ግን ክፍያው አነሰ ብላችሁ ስማችሁን ከድልድሉ አላስወጣችሁም። ለዕድገት ስትወዳደሩ ያማከራችኋቸውን ተማሪዎች ትቆጥራላችሁ። ለቆጠራ የሚበቃ ተማሪ ለንባብም ይበቃል።

የከተማችን ሰው፣ አንተም ከደሙ ንጹሕ አይደለህም። ሠርግና ለቅሶ ላይ «ዶክተር» ሲባል ብድግ ትላለህ፣ ከፊት ወንበር ታስቀምጣለህ። ማክበርህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ «ስንት ተማሪ አስመረቅህ? ስንቱስ መንገድ ላይ ቀረብህ?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? የአጎትህ ልጅ ትምህርቱ ሰባተኛ ዓመት ሲሞላው «ሰነፈ» ብለህ ያማኸው አንተ ነህ። አማካሪው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ፈረድክበት።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ሥልጣኑ ያለው እናንተ እጅ ነው። አዲስ አዋጅ አትጠብቁ። ሴኔቱ እስኪሰበሰብም አትቀመጡ። በመስከረም ተማሪ ስትደለድሉ አዲሱን ዶክተር ብቻውን አትልቀቁት። ሁለት ሦስት ተማሪ በደንብ ካስመረቀ መምህር ጋር ረዳት አማካሪ አድርጉት። ቀጠሮው ላይ ይቀመጥ፣ ይስማ፣ ይጻፍ። ዋና አማካሪ የሚሆነው ያ ሰው «አሁን ይችላል» ብሎ ሲፈርምለት ብቻ ይሁን። አንጋፋዎቹም አያመልጡ። አምስት ተማሪ ይዞ አንዱንም በጊዜው ላላስጨረሰ ሰው ስድስተኛ አትጨምሩለት፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ የቀድሞ መምህራችሁም ቢሆን። እዚህ ላይ ይሉኝታ እንደሚይዛችሁ አውቃለሁ። ይሉኝታው ግን የሚከፈለው በሌላ ሰው ዕድሜ ነው።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ተማሪው አንዲት ቅጽ ይሙላ። መቼ ተገናኛችሁ? ምን ተባባላችሁ? የላክኸው ድራፍት በስንት ቀን ተመለሰ? ታችኛው መስመር ላይ «አማካሪ እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ» የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ይኑር። ቅጹ በአማካሪው እጅ አይለፍ፤ ቀጥታ ለድህረ ምረቃ ዲኑ ይግባ።