ደንበኛን ከመጠየቅ ያውጣን

አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ ሲፈጠር ጀምሮ የታደለ ነው። ተራ ነጋዴ የሸጠውን ሲቆጥር፣ ያልሸጠውን እያየ እንቅልፍ ሲያጣ ይኖራል። ቲ.ኤስ.አር. የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ኩባንያ ግን ያልተሸጠን ዕቃ እንደተሸጠ መቁጠር የሚቻልበትን ጥበብ አገኘ፤ ሐውልት ሲገባው ከሰረ።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1973 በዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቋቋመ። በዓመቱ «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አንድ ሺህ ቅጂ አሳትሞ አወጣ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ፣ አንዱ አስማተኛ ሌላው ባለ ሰይፍ ሆኖ አብረው ተረት የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ወጣቱ አበደለት፤ ገንዘቡም ጎረፈ።

ገንዘብ ሲጎርፍ ምን ይደረጋል? በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ኃላፊዎች የጥልፍ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ገዙ። ቀን ዘንዶ ሲገድል የዋለ ጎረምሳ ማታ የትራስ ልብስ ሳይጠልፍ አይተኛም ብለው ይሆናል። የከተማዋ ሐይቅ ውስጥ የሰጠመ አሮጌ የእንፋሎት መርከብ ለማውጣትም ገንዘብ ሰጡ። (እዚያ የገባው ብር ቢያንስ የት እንደገባ ይታወቃል።) ዘመድ አዝማዱም ተቀጠረ፤ ሥጋን መርሳት የሚባል ነገር የለም። ለካ ይህን ሙያ የምናውቀው እኛ ብቻ አይደለንም! ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ በ1985 ከገዛ ኩባንያው አመራር ወረደ።

የተኩት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበራቸው፤ ጨዋታው የሚካሄድበትን የተረት ዓለም ማብዛት። ራቨንሎፍት በ1990፣ ዳርክ ሰን በ1991፣ ፕሌንስኬፕ በ1994፣ በርዝራይት በ1995፤ እያንዳንዱ የራሱ ካርታ፣ የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ ልብ ወለድ አለው። ጉልት ላይ ድንች የምትሸጥ እናት ጎን ለጎን ሰባት መደብ ዘርግታ በሰባቱም ላይ ከራሷ ጋር ብትሻማ ማለት ነው። ገዢው ያው ነው፣ ኪሱም ያው ነው፤ መደቡ ግን ሰባት ሆኗል። ዕድገት ካልተባለ ምን ይባላል?

እነዚህ ዓለሞች ከተሸጡባቸው ሳጥኖች አንዳንዱን ሲከፍቱት ታጥፎ የተቀመጠ ትልቅ ካርታ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት መጽሐፍ፣ ሥዕሉም ዓይን ያፈዛል። ሁሉም አምሯል። ዋጋው ብቻ ሳጥኑን ለመሥራት ከወጣው ያነሰ ሆነ። በተሸጠ ቁጥር ኩባንያው ይከስራል፤ ብዙ ከተሸጠማ ጉድ ነው። ከዚህ የበለጠ ቸርነት የት ይገኛል?

የጥበቦቹ ሁሉ አውራ ግን ከአከፋፋዩ ከራንደም ሐውስ ጋር የነበረው ውል ነው። መጽሐፉ አንባቢ እጅ ሳይደርስ፣ ገና የአከፋፋዩ መጋዘን ሲገባ ኩባንያው ገንዘቡን ይቀበላል። ያልተሸጠው በኋላ ይመለሳል፤ የተከፈለውም ይመለሳል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን ለማንም ሳይነገረው ያውቃል። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ሀብታም አልሆነም፤ ተበድሮ ነው። የእኛ ጀግኖች ግን ዕጣውን ይዘው ደገሱ። ገንዘብ ሲያጥር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ መጋዘን ማስገባት።

ካርድ የሚሸጠው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ1993 «ማጂክ» የተባለውን የካርድ ጨዋታ አውጥቶ ገበያውን ሲያናውጠው፣ ቲ.ኤስ.አር. በዓመቱ «ስፔልፋየር» የሚባል የራሱን ካርድ አወጣ። አዲስ ሥዕል ማሠራት ብክነት ነውና ከአሮጌ መጻሕፍቱ ሥዕል እያነሳ ለጠፈበት። ቁጠባ ማለት ይህ ነው።

በ1996 መጋዘኑ ተናገረ። መጽሐፉም፣ «ድራገን ዳይስ» የተባለው ዳይስም በገፍ ተመለሰ። ዕዳው ከሠላሳ ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ማተሚያ ቤቱም ያለፈው ሳይከፈል አላትምም አለ። ጨዋታ አሳታሚ ማተም አቆመ።

በ1997 ያው የካርድ ድርጅት ገዛው። ከገዢዎቹ ወገን የነበረው ራያን ዳንሲ የኩባንያውን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ የተጠየቀበት አንድም ጥናት እንዳላገኘ በኋላ ጽፏል። ሥራ አስኪያጅ ደንበኛውን ጠርቶ «ምን ልሥራልህ?» ይላል እንዴ? ክብሩስ?

አዲሶቹ ባለቤቶች ግን በ1999 ተጫዋቾቹን ጠየቁ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።